ዘግይቶ የደረሰ አሜን

እህቴ የተዳረች ቀን ጣና ተናደደ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ግን የእኔን ንዴት ማን ይቆጥረዋል!

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ያገለግላሉ። የዚያን ቀን ጠዋት በሞተር ጀልባ ሊሻገሩ ነበር። ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባውን ከድንጋይ ጋር ማላተም ሲጀምር ባለጀልባው "ነፍሴን አልሸጥሁም" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። እኛ ከሐይቁ ወዲህ፣ ሹም አቦ ሰፈር ደጃችን ላይ ድንኳን ተክለናል፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገብቶ ተቀምጧል። እህቴ ከወንበሯ አልነሣም አለች።

"አባየ ሳይመርቁኝ እግሬ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

የሙሽራው አጎት ጎንበስ ብለው ለመኗት። "ልጄ፣ እኛ ዘንድ ሐሙሲት ሰው ድንኳን ሙሉ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ነገ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።"

"ነገማ ወጥቻለሁ። የወጣን ሰው ምን ብለው ይመርቃሉ?"

እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ሁሉም እኔን አየኝ።

ሰርግ መቅረጽ ነው ሥራዬ። ቅኔ ቤት ጀምሬ ተውሁ፤ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ተውሁት። አባቴ ሥራዬን "ጥላ ለቀማ" ይሉታል። "ዛሬስ ስንት ጥላ ለቀምህ?" ይሉኛል ማታ ማታ። የዚያን ቀን ግን ለሩቅ ዘመድ ሰርጉን በቀጥታ ላስተላልፍ ካሜራና ላፕቶፕ ደግኜ ነበር። አባቴን ከልጃቸው ጋር የሚያገናኝ ሌላ ምንም ነገር አልነበረም። ከጥላው በቀር።

መጀመሪያ በቪዲዮ ጥሪ ሞከርሁ። "ሃሎ" ይልና ጭጭ፤ "ሃሎ" ይልና ጭጭ። የደሴቷ ኔትወርክ የቪዲዮ ጥሪ አይሸከምም። ቀጥታ ስርጭት ግን ይታገሣል፤ ቪዲዮውን እየቆራረሰ ይልካል፣ ተቀባዩ አጠራቅሞ ያሳያል። አባቴ ዘንድ ሁለት ስልክ አለ፤ የራሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ አለ፣ የአንድ ጢማም ዲያቆን ስንጥቅ ስማርትፎን አለ። በስማርትፎኑ ያዩናል፣ በቁልፉ ያወሩናል። ሊንኩን ላክሁለትና ደወልሁ።

"ታየህ?"

"ድምጽ አለ" አለ ዲያቆኑ። "ምስሉ ግን የግብፅ ጨለማ ነው።"

ገባኝ፣ ደሜም ፈላ። ቪዲዮ ጥሬውን አይላክም፤ ተጨምቆ ይታሸጋል። እኔ ዳታ እንዲቆጥብ በአዲሱ ዘዴ ነበር ያሸግሁት። የዲያቆኑ ስልክ አሮጌ ነው፤ ያንን እሽግ መፍታት አያውቅም። የእኔ ስልክ ይፈታዋል፣ የሚዜው ስልክ ይፈታዋል፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን እንኳ ይፈታዋል። የሚያስፈልገኝ አንድ ስልክ ብቻ አይፈታውም! እነዚህ ስልክ ሠሪዎች ተቀምጠው ቢስማሙ ምን ይጎድልባቸዋል?

በድሮው ዘዴ ቀየርሁት። የድሮው በሁሉም ስልክ ይከፈታል፤ ግን ይከብዳል። ኔትወርኩ አልቻለውም፤ ስክሪኔ ላይ ክብ ትዞራለች አለኝ ዲያቆኑ።

"ዳይሬክተር!" አለ አንደኛው ሚዜ። "ሙሽራዋ ሳታረጅ ይደርሳል?"

"አንተ ክራቫትህን አጥብቅ፤ ሊያንቅህ ትንሽ ነው የቀረው!"

ሰው ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም። ምስሉን አሳነስሁት፣ ጥራቱን ገደልሁት፣ የእህቴ ፊት የሽሮ ወጥ እስኪመስል ድረስ አወረድሁት። በመጨረሻ ከስልኩ የአባቴ ድምጽ መጣ።

"ይቺ ናት ልጄ? ዐይኗን ማን ወሰደው?"

"ይታያል!" ብዬ ጮህሁ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ፤ ልጃገረዶቹ ከበሮ አንሥተው ጨፈሩ። ስልኬን ከድምጽ ማጉያው ጋር አገናኘሁት፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አወጣ። ፉጨቱን ለማጥፋት የስልኬን ማይክ ዘጋሁት። እኛ አባቴን እንሰማለን፣ እሳቸው እኛን ከቪዲዮው ይሰማሉ፤ ምን ችግር አለው አልሁ። ጭፈራው ቆመ፣ እህቴ ተንበረከከች፣ አባቴ ጀመሩ።

"እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክልሽ!"

"አሜን!" አለ ድንኳኑ።

አባቴ አልቀጠሉም። ጠበቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በገባሽበት የምትኖሪ ያድርግሽ!"

"አሜን!"

አሁንም ጠበቁ። ከዚያ ድምጻቸው ተለወጠ። "አሜን የሚል ሰው ጠፋ? ጭራሽ ከበሮ! እኔ ስመርቅ ትጨፍራላችሁ?" ስልኩ ተዘጋ።

ድንኳኑ ደረቀ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሙሽራው አጎት ተነሡ። "በቃ፣ መኪና አስነሡ። ይህ ምርቃት አይደለም፤ ወደ እርግማን ሳይዞር እንሂድ።"

"ማንም አይነሣም!" አልሁ። እሳቸው ላይ መጮህ አይገባኝም ነበር፤ ጮህሁ። ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ተቆራርሶ፣ ተጠራቅሞ የሚሄደው ቪዲዮ ደሴቷ ላይ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። አባቴ በሚመርቁበት ሰዓት የሚሰሙት ቅድም ያለፈውን ጭፈራ ነው። ምርቃት ደግሞ አሜን ካልተቀበለው አይሄድም፤ አባቴ አሜን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው ቃል ተሻግረው አያውቁም።

ደወልሁ። አያነሡም። ደግሜ ደወልሁ።

"ምን ቀራችሁ? ጨፍሩ" አሉኝ።

"አባየ፣ የሚያዩት ያለፈውን ነው። እርስዎ አይደሉ፣ ከታንኳ ላይ ሆኖ የሩቅ ደወል ሲያዩት መጀመሪያ ገመዱ ይሳባል፣ ድምጹ ቆይቶ ይመጣል ያሉኝ? አሁን ተገልብጦብዎት ነው። ድምጼ ቀድሟል፣ ምስሉ ገና መንገድ ላይ ነው።"

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል።

"እንግዲያ ዐይኔን ልመን ወይስ ጆሮዬን?"

"ጆሮዎን ይመኑ። ዐይንዎ ሲደርስ እንጠብቀዋለን።"

ማጉያውን ነቀልሁት። የቪዲዮውን ድምጽ አጠፋሁ። ስልኬን ማይኩን ከፍቼ ባዶ ወንበር ላይ፣ እህቴ ፊት አስቀመጥሁት። ድምጹ ትንሽ ስለሆነ ሰው ሁሉ እየተገፋፋ ተጠጋ፤ ሚዜዎቹ፣ አጎትየው፣ ከበሮ ያንጠለጠሉት ልጃገረዶች። እህቴ እንደገና ተንበረከከች። "እንዳትነቃነቂ" አልኋት። "ምስልሽ እስኪደርስ።"

የድንኳኑ ሸራ ብቻ ይርገበገባል። አጎትየው ሰዓታቸውን ለማየት እጃቸውን አነሡ፣ መልሰው አወረዱት። እህቴ ቄጤማው ላይ እንደተንበረከከች ናት። ኔትወርኩ ቆሞ እንደሆነስ? ክቧ እየዞረች እንደሆነስ? ላፕቶፔ ይህን አይነግረኝም።

"አየኋት" አሉ አባቴ በቀስታ። "ተንበረከከች።"

ከዚያ መረቁ። ቃላቸው ከወንበሩ ላይ ይነሣል፣ እኛ "አሜን" እንላለን፣ አሜኑ በዚያው ቅጽበት ጆሯቸው ይደርሳል፣ ቀጣዩን ይወረውራሉ። እንደ ማሕሌት ተቀባበልነው። ያ ቀልደኛ ሚዜ ከሁሉ በላይ ይጮሃል።

የመጨረሻው አሜን እንዳለቀ ሰው ሁሉ እንደ ጎርፍ ወጣ። እህቴ እናቴን ሳመች፣ እኔን አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፣ መኪና ውስጥ ገባች። ጡሩምባው ሰፈሩን አናጋው። እኔ ከስልኩ ጋር ድንኳን ውስጥ ቀረሁ። የተገለበጠ ወንበር፣ የተረገጠ ቄጤማ። ካሜራዬ ባዶውን ቦታ ይቀርጻል።

"አባየ፣ እንግዲህ ልዝጋው?"

"ተው፣ ዝም በል" አሉኝ። "ገና ተንበርክካለች።"

ሄዳለች ልል አፌን ከፈትሁ። መልሼ ገጠምሁት። ላፕቶፑን ሳልነካ ቆምሁ። መኪኖቹ አስፋልቱን ይዘው ጡሩምባቸው ወደ ሐሙሲት እየራቀ ሄደ፣ ጠፋም።

"ተነሣች" አሉ አባቴ።

"አዎ አባየ" አልሁ፣ ባዶውን ቄጤማ እያየሁ። "አሁን ተነሣች።"