የፈረሱ ምላስ

እህቴን ሰፈርተኛው ሁሉ «አፍ ክፈት» ይላታል። ይበላት! ሠላሳ ዓመት የወተት ላም ስታረባ የከብት አፍ መፈተሽ ለምዶባት፣ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ጎንበስ ብላ ጥርሱን ታያለች። በሠርጌ ዕለት ፎቶ አንሺው ፈገግ በል ሲለኝ «ያቺን መንጋጋ ሳታስነቅላት!» ብላ በሰው ፊት አዋርዳኛለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከአሥራ አራቱ ላሞቿ ሦስቱ መብላት አቆሙ። ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ አንዷም ታነክሳለች። እህቴ የላሟን ምላስ ሳብ አድርጋ ብታይ ውሃ ቋጥሯል። ለማንም አትናገሪ ያላት ሰው አልጠፋም፤ እኔው ነበርኩ። የጎረቤት ላም ላም አይደለም ወይ ብላ ተቆጣችኝና ራሷ የእንስሳት ሐኪሙን ጠራች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። የላሞቹን አፍ አይቶ የአፍና እግር በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ናሙና ልኮ የበረቱንም በር አሸገ። ውጤቱ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ሕጉ ግን አይጠብቅም። በሽታው ወደ ሌላ በረት እንዳይዛመት በማግስቱ ከሰዓት ላሞቹ አንድም ሳይቀር ይገደላሉ።

ያን ቀን እህቴ እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት የመኖ ጋሪ ለሚጎትተው ፈረስ ገብስ ይዛ ወደ ጋጣው ሄደች። ሐኪሙ ሲመጣ ፈረሱ ሥራ ላይ ስለነበር ማንም አላየውም። ገብሱን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ልማድ አይለቅ፣ አፉን ከፈተችው።

ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ የፈረሱን አንገት አቅፋ ትዘላለች፣ የስልሳ ዓመት ሴትዮ!

«ተመስገን! ፈረሱም ታሟል!»

በቃ፣ እህቴ ጨርቋን ጣለች አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ምላሱን አሳየችኝ፤ ልክ እንደ ላሞቹ ውሃ ቋጥሯል። ልጆች ሳለን ያው የአፍና እግር በሽታ የአባታችንን ከብቶች ሲፈጅ የያኔው ፈረሳችን መሃላቸው ቆሞ ድርቆሹን ሲቆረጥም እንደነበር አስታወሰችኝ። በሽታው ሰኮናው ለሁለት የተከፈለውን እንጂ ፈረስን አይነካም። ፈረሱ ከታመመ የላሞቹም ሕመም ሌላ ነው ማለት ነው!

የገዳዮቹ መኪና ሲመጣ በሩ ላይ ተገትራ አላሳልፍም አለች። አብሯቸው የመጣውን ሐኪም በእጁ እየጎተተች ጋጣው አደረሰችው። ባትሪውን አብርቶ አየ፤ ደግሞ አየ። ወዲያው አለቃው ጋ ደውሎ ነገሩን አስረዳ፣ መኪናውም ባዶውን ተመለሰ።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ፈረስንም ላምንም አፉን የሚያቆስል፣ ግን በራሱ ጊዜ የሚሽር ሌላ ቫይረስ ነው።

«ላሞቹ ይተርፋሉ፣ እማማ» አላት ሐኪሙ።

ያን ሁሉ ቀን እንባ ያልወጣት ሴት ያኔ ተንሰቀሰቀች። እኛ ስንተቃቀፍ፣ ስንስቅ፣ ዘወር ብል የለችም። ጋጣው ውስጥ አገኘኋት፤ በለብ ያለ ውሃ የራሰ ፉርሽካ አቅርባለት አንገቱን ትደባብሳለች።

«ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» ትለዋለች፤ «በሕመምህ ደስ ያለኝ ጠልቼህ አይደለም።»