ብሔረሰብ የሚለው መስመር

በሰባ ሰባት ዓ.ም. መካነ ሰላም ላይ የእርዳታ ስንዴ ተቀባዮችን ስመዘግብ፣ አንዱን ሰውዬ ጨርሶ ላምነው አልቻልኩም። ሰልፍ ላይ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በጣቱ እየመታ ያንጎራጉራል፤ እኔ ስጠጋ ዝም ይላል። ከአንዱ ጋር ሲቆም በአማርኛ፣ ከሌላው ጋር ሲቆም በኦሮምኛ ይገጥማል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ከማተቡ ጋር ደግሞ ክታብ ታስሯል። ጆሮ ጠቢ ይሆን? ወይስ በሁለት ስም ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ የሚወስድ?

ተራው ደረሰ። ቅጹ ላይ «ብሔረሰብ» የሚል መስመር ነበር።

«ብሔረሰብዎ?» አልኩት።

ጣቱ ቆርቆሮው ላይ ቆመ። ለካ እሱም አያምነኝም።

«ልጄ፣ ይኸ ለስንዴው ነው ለሰፈራው?»

«ለስንዴው ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም።

«እንግዲያው ጻፍ» ብሎ ቆርቆሮውን መታ መታ አደረገ።

«አባቴ ቢተው ነው፣ እናቴ ሀጀራ፣
ማንን ደብቄ ነው፣ ማንን የምጠራ።»

«አባትዎ አማራ፣ እናትዎ ኦሮሞ ናቸው ማለት ነው? አንዱን ይምረጡ።»

«ወላሂ አልመርጥም! ሀጀራን ካወጣሃት ቤት አይመታም።»

ስንዴውን ተሸክሞ እያንጎራጎረ ሄደ። መስመሩን ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ ኃላፊዬ መዝገቡን ሲያገላብጥ እዚያች ባዶ መስመር ላይ ቆመ። የሰውዬውን ግጥም ነገርኩት። ከዚያ ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ያንተ እናት ማን ትባላለች?»