የእማማ ማርታ አባት ዩቲዩብ ላይ ተገኙ

በጥልቅ ሐዘን እናሳውቃለን፦ የጎረቤታችን የእማማ ማርታ አባት ዛሬ ዲላ ውስጥ፣ እኔ ስልክ ላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፍተዋል።

በወረራው ዘመን አንድ ጣሊያናዊ ገበያችንን በፊልም ቀርጾ ነበር። በኋላ ስመ ጥር ዳይሬክተር ወጣው።

እማማ ያኔ ጡት አልጣሉም ነበር። አባታቸውን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዷቸው ቀሩ፤ ፎቶ እንኳ የላቸውም። እናታቸው ግን "ፈረንጁ ሲያነሳ ነጭ ፍየል ተሸክሞ ያለፈው አባትሽ ነው" ይሏቸው ነበር።

ዛሬ ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁትና እየሮጥኩ እማማ ጋ ሄድኩ።

"አንተ ቀልማዳ፣ ደግሞ ምን አመጣህ?" አሉኝ።

ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። ፍየሉ መጣ። ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። የተሸከመው ሰው ግን ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

(ዳይሬክተሩ ዕድሜ ልኩን የተሸለመው የሰው ፊት አቀራረጹ ተደንቆ ነው አሉ። እኛ ጋ የፍየል ፊት ሲለማመድ ነበር።)

"አባዬ፣ ዙር እስቲ" ብለው እማማ ስልኩን በጣታቸው ነኩት። ቪዲዮው ቆመ።

"ቆመ! ሰማኝ!"

መልሼ ሳስኬደው ሰውዬው ሕዝቡ ውስጥ ገባ።

"ትከሻው የኔን አይመስልም?"

"ቁርጥ እርስዎን እማማ።"

እንግዲህ ይኼው ነው፤ ያን ያህል ትልቅ ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ዞር ሳይል አለፈ።

እናንተስ ቤት መልኩን በወሬ ብቻ የምታውቁት ሰው አለ?