የታጠፈው ፎቶግራፍ፤ ከጅማ እስከ ዋጫና መልስ

ሐሙስ ጠዋት፣ ከጅማ መውጫ

ወደ ቦንጋ የሄድኩት ለጥናት ነው ብዬ ብጽፍ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሂሩት ናት።

ሂሩትና እኔ በአንድ ዓመት ተመርቀን፣ በአንድ ቀን ተቀጥረን፣ ጅማ ውስጥ አንድ ቢሮ ተጋርተን ታሪክ እናስተምራለን። ዘንድሮ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ መምህራን የአንድ ዓመት የማስተማር ፌሎሺፕ አወጣ። ትምህርቱ የደቡብ እስያ ዲያስፖራ ጥናት ነው፤ ከህንድና ከጎረቤቶቿ ወጥተው በየአገሩ ስለኖሩ ሰዎች። ከዲፓርትመንታችን መታጨት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለታችንም በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴ ፊት ቀርበን የናሙና ትምህርት እንድንሰጥ ተባለ።

ርዕሳችንም አንድ ሆነ፤ ድሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት የህንድ መምህራን። ሂሩት ግን ቀደመችኝ። ባለፈው ወር ቦንጋ ሄዳ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር አግኝታ፣ የሁለት ሰዓት ድምፅ ቀርጻ መጣች። ቢሮ ውስጥ ስታሰማኝ "እንዴት ደስ ይላል" አልኳት፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል። ሂሩት ሁሉም ነገር የሚቀናት ሰው ናት። የግቢው ዘበኛ ለእሷ በር ሲከፍት ይስቃል፤ ለእኔ ይከፍታል፣ በቃ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተጠየቅሁ። ታሪፉ እንዲህ አይደለም ብል፣ ሾፌሩ ታሪፉ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ስለቀረ እሱን መጠየቅ እንደምችል ነገረኝ። ወደ ጎጀብ ወንዝ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን፤ ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ደግሞ መልሰን ለበስን። ከዚያ በኋላ ጫካና ጭጋግ ነው። መንገድ ዳር በቢጫ ጀሪካን ማር ይሸጣል።

ከሰዓት በኋላ፣ ቦንጋ

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እትዬ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከፊት ሱቅ፣ ከጓሮ አራት መኝታ ክፍሎች አሏቸው። መታወቂያዬን እንዳዩ የጠየቁኝ ስለ ሂሩት ነው። ደህና ናት ወይ፣ ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ አሉኝ። ከዚያ እሷ የተኛችበትን ክፍል ሰጡኝ። ጥሩ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ጫካው ያያል። ሌላ ክፍል እንዳለ ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

የጋሽ ወልደጊዮርጊስ ቤት ከገበያው በላይ፣ ባጃጅ አቃስቶ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ቤታቸውም ውስጥ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ስለ ሚስተር ቶማስ ማውራት ሲጀምሩ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለሂሩት የተናገሩትን ቃል በቃል ነው የሚደግሙልኝ። ሚስተር ቶማስ ከደቡብ ህንድ መጥተው ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ልጅ ተቆጥተው የማያውቁ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ፣ የመምህሩ ዓይን። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።

ማስታወሻዬን ልዘጋ ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አየሁ። ሂሩትም ነግራኛለች፦ ሚስተር ቶማስ መሃል፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በቀኛቸው። ግን የሚስተር ቶማስ ግራ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ ክርኑ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ፍሬሙ ነው። በዚያ በኩል ወረቀቱ ወፈር ብሏል። ወር ሙሉ የሰው ስኬት ሳሰላ የከረምኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ። ያ እጅ የሆነ ልጅ ትከሻ ላይ አርፏል፣ እኚህ ሰው ደግሞ ያንን ልጅ ማየት አይፈልጉም።

"ጋሼ፣ እጃቸው የት ሄደ?" አልኳቸው።

ክራቫታቸውን አስተካከሉ። "ታጥፏል" አሉ። "ያቺ ልጅ ይሄን አልጠየቀችኝም።"

ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው ሐሰት መጻፍ ስለማልፈልግ ነው፤ የደስታዬ መጠን ያሳፍራል።

ከዚያ በኋላ ያልተቀረጸው መጣ። ሚስተር ቶማስ በየሴሚስተሩ አንደኛውንና መጨረሻውን አንድ ዴስክ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለሁለቱም የሚጽፉት አንድ ማርክ ነው፤ እሱም ዝቅተኛው። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ዘጠና አምጥተው ሠላሳ ተጻፈላቸው። መጨረሻው፣ ያ የታጠፈው ልጅ፣ በቀለ ይባላል፤ አሁን ዋጫ ከተማ ቡና ያለማል። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ እያስጠኑ ሰባ አደረሱት። መምህሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን የራሳቸውን የቆርቆሮ ኮምፓስ ሣጥን፣ ክብ መሥሪያው ማስመሪያው ፕሮትራክተሩ ሁሉ እንዳለ፣ ክፍሉ ፊት ለበቀለ ሰጡ።

"እኔን ግን እጄን ጨበጡኝ" አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ። "ሃምሳ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም።"

ዓርብ፣ በሺሺንዳ በኩል ወደ ዋጫ

ጠዋት ዝናብ ነበር። የውሽውሽን የሻይ ማሳ ስናልፍ አባራ፤ ሺሺንዳ ስንደርስ ፀሐይ። ዕለቱ ገበያ ስለነበር አውቶቡሱ ከሰውና ከሙዝ ጋር ግማሽ ሰዓት ቆመ። ሃያ ብር ከፍዬ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ ኮሚቴው ፊት የምናገረውን በልቤ ደጋገምኩ። በየድግግሞሹ ሂሩት ከመጀመሪያው ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ትታየኝ ነበር።

ጋሽ በቀለን ዋጫ ውስጥ የማያውቃቸው ሰው የለም። ቡናቸውን አስጥተው በእጃቸው ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ከማን ዘንድ እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ጨበጡኝና ወደ ቤት አስገቡኝ። ቆጮ በማር ቀረበ። መቅረጫዬን ከማብራቴ በፊት እሳቸው ጠየቁኝ፤ ወልደጊዮርጊስ ይራመዳል ወይ፣ ዓይኑስ ያያል ወይ አሉ።

አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ነው ሌላውን የሚያነሱት። ወልደጊዮርጊስ ሲያስጠናቸው እየጠላቸው ያስጠናቸው እንደነበር ያውቃሉ። ማስመሪያ ወርውሮባቸው ያውቃል። ግን ሚስተር ቶማስ ሰሌዳ ላይ ሲያብራሩት ያልገባቸው ክፍልፋይ፣ ወልደጊዮርጊስ እየተሳደበ ሲነግራቸው ይገባቸው ነበር። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሒሳብ ሃያ ዓመት የያዙት በዚያ ነው።

ከዚያ ሣጥን ከፍተው ኮምፓሱን አወጡ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል።

"ሚስተር ቶማስ ሲሰጡኝ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እሱ አልሰማም" አሉ። "'ይህ የሁለታችሁ ነው። አንተ ጋ ይሁን፤ እሱ ሊወስድ ይመጣል' አሉኝ። አልመጣም።"

"ለምን አልወሰዱላቸውም?"

ኮምፓሱን ከፈት ዘጋ አደረጉት። "እሱ አንደኛ። እሱ ዳይሬክተር። አንድ ነገር እንኳ እሱ የሚፈልገው እኔ ጋ ይኑር አልኩ።" ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "አሁን ግን ውሰጂለት። ሽማግሌ ሆንን።"

ደጅ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ሂሩት ናት። መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ እትዬ ፋጡማ ሻይ በዝንጅብል እንዳፈሉልኝ ጠየቀችኝ። በመጨረሻም "ሌላ ሰው አገኘሽ እንዴ?" አለች።

"ማንንም አላገኘሁም" አልኳት። ኮምፓሱ ብብቴ ሥር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦንጋ

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጋዜጣውን ፈቱ። ጋሽ በቀለ ያሉትን ከመቅረጫው አሰማኋቸው። "ይመጣል" የሚለው ጋ ሲደርስ አስቁሚው አሉኝ። የክብ መሥሪያውን እግር ዘረጉት፤ ምንም ሳይንቋቋ ተዘረጋ። ጣታቸውን አሸት አሸት አድርገው አሸተቱት።

"ዘይት ይቀባዋል" አሉ። "ሃምሳ ዓመት ዘይት ሲቀባው ኖሯል።"

ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርደው የፍሬሙን ምስማር በቢላ ነቀሉና ወረቀቱን ዘረጉት። ትከሻው ላይ እጅ ያረፈበት ቀጭን ልጅ ወጣ፤ እጥፋቱ ደረቱ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል። ልጁ ካሜራውን አያይም። ወደ ወልደጊዮርጊስ ነው የሚያየው።

"አንሺው" አሉኝ። "ለጓደኛሽም ላኪላት። እሷን ግማሹን ነው ያሳየኋት።"

አነሳሁት። ኔትወርክ ነበረ፤ አልላክሁም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ ጅማ

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። ፎቶው የእኔ ነው፣ እጁን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ዋጫ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጎጀብ ላይ ሹራቤን ሳወልቅ አሸናፊ ነበርኩ። ጅማ መናኸሪያ ስንገባ ሂሩት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ያ ቀጭን ልጅ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያይ እሱ አንደኛውን የሚያየው።

"ዋሽቼሻለሁ" አልኳትና ስልኬንና መቅረጫዬን ሰጠኋት።

ጃንጥላውን እኔ ያዝኩ፤ እሷ ፎቶውን እያሰፋች እያሳነሰች አየችው። "ሁለት ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር" አለች። "እንዴት አላየሁትም?" እስከ ታክሲው ድረስ ይህንኑ ደጋገመች። የውሸቱን ነገር አላነሳችም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችም።

በሳምንቱ ሁለታችንም አስተማርን። ከኮሚቴው አንዱ ያንን እጅ እንዴት ልብ እንዳልኩት ጠየቀኝ፤ ስለቀናሁ ነው ማለት አልቻልኩምና የምንጭ ምርመራ ነው አልኩት። የሂሩት ትምህርት በጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጀምሮ በጋሽ በቀለ ድምፅ አለቀ፤ ድምፁን ማን እንደቀረጸም ስሜን ጠርታ ተናገረች። የታጨችው እሷ ናት። ባልሰጣት ኖሮ እያልኩ ብዙ ቀን አሳለፍኩ። አሁንም አንዳንድ ቀን እላለሁ። ከዚህ ጉዞ ቅናት የሚያልቅ ነገር እንደሆነ አልተማርኩም፤ ሃምሳ ዓመት እንደሚቆይ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሂሩት ከሄደች በኋላ ኮርሷን የማስተምረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ስመልስ አንደኛዋንና መጨረሻውን አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጬ፣ ከአሁን ወዲያ የሁለታቸውም ማርክ ዝቅተኛው እንደሆነ ነገርኳቸው። አንደኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ከሳምንት በኋላ በላይብረሪው በር ሳልፍ፣ ልጁን ማስታወሻውን ቀምታ እየተቆጣች ስታስረዳው አየኋት።