አራተኛዋ ጭብጨባ የማን ናት?

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ስቱዲዮ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ማይክሮፎን እንድነካ አልተፈቀደልኝም። ስቱዲዮው ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ ተለብጧል። ባለቤቱ ጋሽ ብርሃኑ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ አንድ ፍላሽ መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ "ይሄ ከጠፋ እኔም የለሁ፣ አንተም የለህ" አሉኝ።

ፍላሹ ውስጥ ያለው ሪትም ነበር፦ ከበሮና ጭብጨባ። ኪቦርዱ ላይ ይጫንና ዘማሪው በዚያ ላይ ይዘምራል። ማን እንደሠራው ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። "እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣ ልጅ ተቀበልኩ፤ እሱም ከሌላ ተቀብሏል። አንተም ለጠየቀህ ሁሉ እየገለበጥክ ስጥ። እኛም የተሰጠን በነፃ ነው።" በናይሮቢ መዝሙር የምንቀርጽ በሙሉ በዚህ ሕግ ነበር የምንሠራው።

ያቺ ሪትም አንድ ጉድለት ነበረባት። አራተኛዋ ጭብጨባ ትዘገያለች፤ ለጥቂት ነው፣ ግን ትዘገያለች። እኔም አዲስ ሠራተኛ ነኝና እጄ አላርፍ ብሎ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ጋሽ ብርሃኑ ሰምተው እንዳልሰሙ የሚሆኑ ሰው አይደሉም። "ማን ነካት?" ብለው ጮኹ። "እዚህ ውስጥ ሰው እንዳለ የሚታወቀው በእሷ ነው! መልሳት!" መለስኳት። የማን እጅ እንደሆነች ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር።

በሙያችን ደረጃ አለ። መጀመሪያ ገመድ ትጠቀልላለህ፣ ቀጥሎ ሪትም ትጭናለህ፣ ከዚያ ትቀርጻለህ፣ በመጨረሻ ድምፆቹን አዋሕደህ ሚክስ ትሠራለህ። እኔ ሚክሰሩ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ብዙ ገመድ ጠቅልያለሁ። አዛን ሲሰማ ቀረጻ እናቆማለን፤ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ጥሩምባውን ሲነፋ እናቆማለን። ስቲማ ሲጠፋ ደግሞ እኛ ባናቆምም መብራቱ ራሱ ያስቆመናል።

እህት አስቴርን ያወቅኳት ሚክስ መሥራት በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የምታገለግል ዘማሪት ናት። አንድ ቀን ሁለተኛ ድምፅ የሚዘምርላት ልጅ መንገድ ተዘጋግቶበት ቀረ። ባሏ ጌታሁን ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የአንድ የውጭ አገር ሰው ሾፌር ነበር፤ እሷን ወደ ቤት ሊወስድ መጥቶ ከነከረባቱ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ ብርሃኑ፣ "አንተ፣ ይህን መዝሙር ታውቀዋለህ?" አሉት።

"ቤት ውስጥ ሌላ የምሰማው ነገር መቼ አለና!" አለ።

አስገቡት። የኋላው ድምፅ የሱ ሆነ። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የታፈነ ድምፅ ነበረው፤ አዝማቹ ላይ እየቸኮለ ይገባል። እንደገና እንሞክር ስለው ሰዓቱን አየ፤ አሠሪውን ከቢሮ የሚያመጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ስለዚህ እንዳለ ተወሰደ። ጌታሁን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ዘምሮ አያውቅም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ታሞ ሞተ።

ከዚያ ሲዲ ቀረ። ድሮ አንድ አልበም ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ይመረቃል፣ ይጸለይበታል፣ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይዞ ይሄዳል። አሁን ሁሉም ስትሪሚንግ ሆነ። ከጨርቅ ሱቁ ጎን ሲዲ ይሸጥ የነበረው ቤት የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ጋሽ ብርሃኑ ስቱዲዮውን ለእኔ ትተው አገር ሊገቡ ሲሉ፣ "እሺ፣ አሁን አልበሙ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ኔት ላይ ነው።"

"ኔቱስ የት ነው?"

በጣቴ ወደ ላይ አመለከትኩ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብለው ሻንጣቸውን አነሡ።

እኔ ግን ዛሬም ቁርጡን መናገር አልችልም። ወጣት ዘማሪዎች መጥተው፣ "መግቢያውን ቁረጠው፣ ሰው አይታገሥም፣ ዘሎ ያልፈዋል" ይሉኛል። እቆርጣለሁ። በሳምንቱ አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይይዙኝና፣ "ዓይኔን ሳልጨፍን መዝሙሩን ጀመራችሁት፣ ምን ነካችሁ?" ይሉኛል። በሌላ በኩል ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ለእህት አስቴር፣ "ወጥ ቤት ሆኜ በመዝሙርሽ ተጽናናሁ" ብላ ጻፈችላት። የትኛው ሲዲ ነው ቤሩት ወጥ ቤት የሚገባው? ታዲያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሲያስደስተኝ ይውልና ሲያናድደኝ ያመሻል።

ጌታሁን የዘመረበትንም መዝሙር አንድ አከፋፋይ ኔት ላይ ጭኖት ነበር። እህት አስቴር ስልኬ ላይ አለ ብላ የቀሯትን ሲዲዎች ለሰው ሰጠች። የእኔ ኮምፒዩተር ደግሞ ስቲማ ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ከነሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ። ኔት ላይ ስላለ ብዙም አላዘንኩም።

የእህት አስቴር ልጅ ሩት ልታገባ ሆነ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ በመዝሙር ነው ወደ አዳራሽ የምትገባው። ሩትም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ እጇን ይዞ ሊያስገባት ስለማይችል በድምፁ እንዲያስገባት። ሠርጉ ሲቃረብ እናትዋ ስቱዲዮ ድረስ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ወንድም ታምራት፣ መዝሙሩ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ስልኬ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። የሩትም ላይ የለም። የሰው ሁሉ ስልክ ላይ የለም። ጌታሁንን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት ማለት ነው?"

አከፋፋዩ ጋ ደወልኩ። በመዝሙሩ ውስጥ ያለው ጭብጨባ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ስለተገኘ መዝሙሩ ከኔት ተነሥቷል አለኝ። ማን አገኘው? ማሽኑ። ማሽኑን ማናገር ይቻላል? አይቻልም፤ ቅጽ አለ። ቅጹን ከፈትኩት። የድምፁ ባለቤት እርስዎ ነዎት? አዎ፣ ወይም አይደለሁም። አይደለሁም ካልኩ ተሸነፍኩ። አዎ ካልኩ ዋሸሁ። "የሁላችንም ነው፣ በፍላሽ ስንሰጣጥ ነው የኖርነው" የሚል ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ስልኩ ላይ ጮኽኩበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

የጭብጨባዋ ባለቤት ነኝ ያለችውን ሰው ስም ቅጹ ላይ ሳየው ግን የማውቃት ልጅ ሆና ተገኘች። ሊዲያ ትባላለች፤ ሳውዝ ሲ ተወልዳ ያደገች፣ ቤቷ ሆና በላፕቶፕ ሙዚቃ የምታቀናብር። እናቷም የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። እየተቆጣሁ ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ የእህት አስቴርን መዝሙር ለምን አስወረድሽ?"

"እኔ? ኖ ኖ ኖ፣ ጋሽ ታምራት! አይ ስዌር፣ ማንንም አላስወረድኩም። አንድ ቢት ሠርቼ አፕሎድ አደረግኩ፣ በቃ። 'ሁሉም የራስሽ ነው?' ሲል ቲክ አደረግኩ። ቲክ ካላደረግክ አይቀበልህም እኮ!" ኬንያ ያደጉ ልጆች አንቱታ አያውቁም፤ ሰው አይቀየምባቸውም።

"ጭብጨባውስ የራስሽ ነው?"

"እሱ ከመኪናችን ነው" አለች።

መቼም ከመኪና ጭብጨባ ይወጣል ብዬ አላውቅም። ወደ ግቢ ወሰደችኝ። እናቷ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱባት አሮጊት ቶዮታ ቆማለች። የመኪናዋ ማጫወቻ ውስጥ አንድ ሲዲ ተቀርቅሮ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። አይወጣም፣ ሌላም አያስገባም። ሊዲያ ልጅነቷን ሙሉ ጠዋትና ማታ እሱን ብቻ ስትሰማ አደገች። አራተኛዋ ጭብጨባ ስትዘገይ ከወንድሟ ጋር እየተሳሳቁ አብረው ያጨበጭቡ ነበር። ስታድግ በስልኳ ቀዳችና ቆርጣ ለቢቷ አደረገቻት። "ሆም የሚል ስሜት ስለሚሰጠኝ" አለችኝ።

ቁልፉን አዞረች። ማጫወቻው ተንቋቋና ጀመረ። የእህት አስቴር ድምፅ መጣ፤ ከኋላ ደግሞ እየቸኮለ የሚገባው ያ የጌታሁን ድምፅ።

ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። መዝሙሩን ሳታውቅ ያጠፋችው ልጅ ቤት ነው መዝሙሩ የተገኘው። እኔ ቁጣዬን የት እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ሊዲያ ደግሞ ታለቅሳለች። "ፖሌ ሳና ጋሽ ታምራት፣ ዛሬውኑ ካንስል አደርገዋለሁ" እያለች ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እዚያው ቆሜ እያለሁ ላፕቶፗን አምጥታ ቢቷንም የባለቤትነት ጥያቄውንም ሰረዘች።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚጠግን ፉንዲ ጠራን። ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ማጫወቻውን አወጣና በመፍቻ ከፍቶ ሲዲውን ሰጠኝ። ጭረት በጭረት ሆኗል። ስቱዲዮ ወስጄ ቀዳሁት፤ የሚዘልባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ጠገንኩ። የጌታሁንን ድምፅ አልነካሁም። አራተኛዋንም ጭብጨባ አልነካሁም።

የሠርጉ ቀን ሚክሰሩ ላይ ነበርኩ። ሩት በሩ ላይ ስትታይ መዝሙሩን ለቀቅኩ። አዝማቹ ደርሶ ያ ድምፅ ሲገባ ሩት መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ሚዜዎቹ ምን እንደሆነች አላወቁም፤ ቀሚሷ የተያዘባት መስሏቸው ጎንበስ አሉ። እናቷ ብቻ ነበረች ያወቀችው። ሩት ቆማ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀችና መራመዷን ቀጠለች። እኔም ማልቀሴን አልደብቅም።

ሥራዬ በሚገባ ተሠራ ብዬ ገና ሳልተነፍስ የእህት አስቴር ስልክ ጮኸ። የጌታሁን እናት ናቸው፣ ከሆሳዕና። ሠርጉ በቀጥታ ሥርጭት ይተላለፍ ስለነበር በቤቱ ልጆች ስልክ እያዩ ነው። ቁጣቸው እኔ ድረስ ይሰማል፦ "ልጄን ለምን በዝምታ አስገባችኋት? ለቅሶ ቤት ነው ወይ? አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም!"

ሥርጭቱን አየሁት። መዝሙሩ ሲጀምር ድምፁ ተዘግቷል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ተመልሷል። ከሥር የባለቤት ስም ተጽፏል፤ የሊዲያ አይደለም። የማላውቀው ስም፣ የማላውቀው አገር። ያም ሰው ያቺን ጭብጨባ ከአንድ ቦታ አግኝቶ፣ እንደ ሊዲያ ቲክ አድርጎ ይሆናል። ወይም አራተኛዋ ጭብጨባ በእውነት የሱ እጅ ትሆናለች። ማን ያውቃል? ጽፌለት ነበር፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ምሳ ሲበላ እህት አስቴር ወደ እኔ መጣች። አማቷ ጋ መልሳ ደወለች፤ በኔት ሳይሆን በተራ የስልክ ጥሪ። "ወንድም ታምራት፣ ድገመው" አለችኝ። ሰዎቹ ማንኪያቸውን ይዘው ግራ ተጋብተው እያዩን ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ያዘች። መዝሙሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት።

ሲያልቅ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አደረገች። አማቷ እኔ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?" አሉ።

እህት አስቴር እኔን አየችኝ። የታፈነው ድምፅ ትዝ አለኝ። እኔ ያን ድምፅ ስንት ጊዜ ሚክስ አድርጌዋለሁ፤ ተፈጥሮው ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

ለእናንተ በዚህ ሙያ ለምትመጡት የምለው አንድ ነገር ነው። የምትሠሩትን ኔት ላይ ጫኑ፣ ግዴለም። አንድ ቅጂ ግን ለሰው ስጡ።