ስልኩ የዋጠው እሺታ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለ ሐበሻ በኢንተርኔት መደወል የለመደው በእኔ ነው ብል የሚከራከረኝ የለም። እኔን ግን ማንም አላስተማረኝም። ኮምፒውተር ላይ ማዳመጫ ሰክተን "ሃሎ! ሃሎ!" እያልን፣ የገዛ ድምፃችን ተመልሶ ጆሯችንን እየመታው በምናወራበት ዘመን፣ ለሴንት ፖሉ ፍሮግታውን ሰፈር ሰው ሁሉ መስመር የምገጥመው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሁሉም በኪሱ ስልክ ይዞ ይዞራል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳው ስል ግን ያዛጋል። ሳይገባው ይደውላል፣ ሲበላሽ ይጠራኛል።

የእህቴ ልጅ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባቷ ደሴ ናቸው። እሷም "አባቴ እሺ ካላለ አላገባም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አስቀድመን በስልክ ሽምግልና ጠይቀናቸው "መክሬ መልስ እሰጣለሁ" ብለውን ነበር። ለመልሱ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ በርንስቪል፣ በእህቴ ልጅ አፓርትመንት ተሰበሰብን። ለንግግሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ለስልኩ እኔ።

ሰላምታው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የጤፉ ወሬ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ጌታዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን ፈቀዱልን ወይ?"

ጭጭ።

"ሰሙኝ? ፈቀዱልን ወይ?"

አሁንም ጭጭ። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። "እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም!" ብለው ስልኩን ዘጉት። የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ኩምትር አለ።

"ቆይ፣ የስልኩ ነገር ነው" አልኩ።

"ምን የስልክ ነገር! ስለ ጤፍ ሲያወሩ ይሰማ አልነበር?" አሉኝ ሽማግሌው።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የደሴ አዛውንት እሺ የሚሉት እንዴት ነው? ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ አለቀ። የኢንተርኔት ስልክ ደግሞ ድምፅን እንዳለ አይልክም። ይቆራርጠዋል፤ ቁራጩ ሁሉ በየመንገዱ ሄዶ እዚያ ይገጣጠማል፤ የዘገየው ይጣላል። ድሮ ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ድምፁ ይንተባተባል፣ አንተም "እ?" ትላለህ። አሁን ግን ተራቀቁና፣ ስልኩ ገና ሳይልክ የሰው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የመኪናውን ጩኸት፣ የማራገቢያውን ሽውታ። ማጣሪያውን ለሠሩት ሰዎች በትንፋሽ እሺ የሚል ሕዝብ መኖሩን የነገራቸው የለም።

"ሰውየው እሺ ብለዋል። ስልካቸው ዋጠው።"

"ወንድሜ፣ ስልክ ደግሞ እሺታ ይበላል?"

የእህቴን ልጅ መኝታ ቤት አስገብቼ በሌላ ስልክ አስደወልኩትና "በትንፋሽ እሺ በል" አልኩት። በበሩ ክፍተት ሰማነው። ጆሮዬ ላይ ከያዝኩት ስልክ ግን አንዳች አልመጣም። ለሽማግሌውም አቀበልኳቸው፤ አዳመጡ፣ ስልኩን አገላብጠው አዩት።

"እንግዲያው አጥፋልን ይሄን ማጣሪያ!"

"ያለው በሳቸው ስልክ ላይ ነው። በቃል ይድገሙልን እንበላቸው።"

"የልጅ አባት እሺ ካለ በኋላ ድገም ይባላል? በየትኛው አገር ወግ?"

"ዘግተንባቸውማ ምን ወግ ቀረን?" አልኩ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። "ጋሼ፣ በእመቤቴ ይደውሉ" አለኝ የእህቴ ልጅ። ደወልኩ።

"ምን ዓይነት ሽማግሌ ናችሁ?" አሉ አባትየው፣ ገና ሃሎ ሳልል። "እሺ ስላችሁ ትዘጉብኛላችሁ! ልጄን የምሰጠው ለደህና ሰው መስሎኝ!"

የእህቴ ልጅ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ይቅርታ ለመኑ፤ ስለ ጥፋቱ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው። በመጨረሻ አባትየው ለዘብ አሉ።

"ለመሆኑ ስልኩን የያዘው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አልኩና፣ ድምፅ እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ ማጣሪያው ትንፋሽን እንዴት እንደሚያጠፋ ከሥሩ አስረዳኋቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንኳ እንዲያ አያብራራም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ፤ በቃል፣ ጮክ ብለው። "ለሠርጉ ግን ስልኩን ሌላ ሰው ይያዘው።"

"ይደረጋል ጌታዬ" አሉ ሽማግሌው፣ እኔን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ። የእህቴ ልጅም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።