የድንጋዩ ሙሽራ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት ነው የሚላት። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጨርቅ ይዞ ሄዶ «ለነገ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሐኪሙ ግን ሰፈሩን አያውቅም፤ የሚያውቀው ክንዷ ላይ ያሰረውን የግፊት መለኪያ ነው። ቁጥሩን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ኪኒኑን ይውሰዱ፣ ይረጋጉ። በሚቀጥለው ወር ካልወረደ ሱቁን ዘግተው ቤት መቀመጥ ይኖርብዎታል» አላት።

ሱቋን! ባል ሳታገባ፣ ጎጆ ሳትወጣ በፊት በገዛ እጇ የከፈተችውን! ሰው ደግሞ «ተረጋጊ» ስለተባለ ይረጋጋል እንዴ? ልትጮህ አፏን ስትከፍት ነርሷ «ውጪ ትንሽ ይቀመጡና እንደገና እንለካለን» ብላ ወሰደቻት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ የመስታወት ገንዳ ነበር። የባሕር ውሃ፣ ድንጋይ፣ በውሃው የሚወዛወዝ አበባ የመሰለ ነገር፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች። ክብሪት ቁጭ ብላ አየቻቸው። ነርሷ ተመልሳ ስትለካት ቁጥሩ ወረድ ብሎ ተገኘ። «በቃ፣ ዛሬውኑ ገዝቼ ቤቴ አስገባለሁ» አለቻት።

ዕቃውን የሚሸጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አቤት ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ገንዳውን፣ ፓምፑን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱን፣ አሸዋውን፣ የጨው መለኪያውን ደረደረላት። ከዚያ ከበርሜል ውስጥ ቡናማና ጎርባጣ ድንጋዮች እያወጣ «ይሄ ሕይወት ያለው ድንጋይ ነው» አላት።

«ድንጋይ ሰፈሬም ሞልቷል። ዓሦቹስ?»

«ዓሣ አሁን አይገባም። ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይበዙ ዓሣ ካስገባሽ በራሱ ቆሻሻ ተመርዞ ይሞታል። ሳምንታት ይፈጃል። ወርም ሊሞላ ይችላል።»

«ወር! በወሩ እኮ ሱቄ ሊዘጋ ነው! እስከዚያ ድንጋይ ላይ አፍጥጬ ልክረም?»

ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ። ተናዳ ከፈለች፣ ተናዳ አስጫነች፣ እየተናደደች ቤቷ ደረሰች።

ቤት ደግሞ አማቷ አሉ። ክብሪት አንድ ጊዜ የአማቷን መጋረጃ «መሬት ይጠርጋል» ብላ ሳታስፈቅድ አሳጠረችው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። የሚነጋገሩት በባልየው በኩል ነው።

«ለእናትህ ንገራቸው፣ ገንዳው ሳሎን ነው የሚቀመጠው።»

«ለሚስትህ ንገራት፣ ሳሎኑ ዕቃ ቤት አይደለም።»

ባልየው መሐል ቁጭ ብሎ «ሁለታችሁም ሰምታችኋል አይደል?» ይልና ጋዜጣውን ይገልጣል። ቤት ቢቃጠል ጋዜጣውን ጨርሶ የሚነሣ ሰው ነው፤ የሱ እርጋታ ራሱ ለክብሪት ግማሽ በሽታዋ ነው።

የሆነው ሆኖ ሊያግዛት ተነሣ። የባሕር ጨው ጎደለኝ ብትለው የምግብ ጨው ይዞላት መጣ።

«ጨው ያው ጨው አይደል?»

«ያው ጨው! ባሕር ውስጥ ስንት ዓይነት ማዕድን እንዳለ ሰውዬው ሲያስረዳ የት ነበርክ?»

«ሥራ ቦታ» አለ። እውነቱን ነው፤ እሱም ይበልጥ አናደዳት።

ጨዉን በባልዲ በጠበጠች፣ ለካች፣ አሞቀች፣ ገለበጠች። አሸዋው ተነሥቶ ገንዳው ወተት መሰለ። ውሃው ጠርቶ ድንጋዮቹ ሲገቡ ደግሞ ላያቸው ላይ የሞተው ሁሉ ይበሰብስ ጀመርና ቤቱ ሸተተ።

«ለሚስትህ ንገራት፣ ቤቱ ገማ።»

«ለእናትህ ንገራቸው፣ ያልፋል ተብሏል።»

አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ የተቀበላት ሌላ ሽታ ነው። በረኪና! ግቢው ውስጥ ድንጋዮቿ እንደ ጥርስ ነጥተው ተደርድረዋል። አማቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው የመጨረሻውን ይፈትጋሉ።

«ለእናትህ...» ብላ ዞር ስትል ባልየው የለም።

«ምን አደረጉ እማማ? ኧረ ምን አደረጉ! ገደሏቸው እኮ!»

«ድንጋይ ይሞታል እንዴ?»

«ይሞታል! ይሄኛው ይሞታል! ማን ንኩ አለዎት?»

አሮጊቷ ቡሩሹን ወረወሩት። «በሽተኛ ያለበት ቤት እንዲህ አይሸትም!»

«ማነው በሽተኛው?»

«አንቺ ነሻ! የልጄን አባት የበላብኝ ይሄው ግፊት ነው። እሱም እንዳንቺ ይጮህ ነበር። አንድ ቀን እየጮኸ ዝም አለ። አንቺንም ቆሜ ልቅበር?» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ንጹሕ አየር ታግኝ ብዬ ነው ያጠብኩት።»

ክብሪት ጎንበስ ብላ ቡሩሹን አነሣችላቸው። ይሄ ሰፈሩ ውስጥ ቢወራ የሚያምን የለም። እኚህ ሴትዮ ትሞትብኛለች ብለው ይፈራሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ትልቁ ድንጋይ ግን ተርፏል፤ ሊያወጡት ሞክረው ወገባቸው እምቢ ስላለ ውሃው ውስጥ ትተውታል። ሻጩ በስልክ «ጥሩ ነው። የታጠቡትን በንጹሕ ውሃ እየቀያየራችሁ ዘፍዝፏቸው። የበረኪናው ሽታ ጨርሶ ሲጠፋ አድርቃችሁ መልሷቸው፣ ተሕዋስያኑ ከትልቁ ይጋቡባቸዋል» አላት።

«መቼ?»

«ጊዜ ይፈልጋል።»

ስልኩን ልትፈጠፍጠው ስትል ለጥቂት ተረፈ።

አማቷ ግን ያጠፉትን ለመካስ ቆርጠው ተነሡ። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ አይተንም፤ ስለዚህ የሚጨመረው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ክብሪት ቀይ ክር ከሱቋ አምጥታ መስታወቱን በውሃው ልክ አሰረችው። አሮጊቷ በየጠዋቱ እስከ ክሩ ይሞላሉ።

«እስከ ክሩ ብቻ!»

«ሰማሁ እኮ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»

ባልየው ሥራ ፈታ።

ቀጠሮው ተቃረበ፣ ዓሣ የለም። አንድ ምሽት ክብሪት «ወሬ ብቻ! ገንዘቤን በልቶ ድንጋይ አስታቀፈኝ!» እያለች ስትንጎራደድ አሮጊቷ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ዝም በይ። ነይ እይ።»

ከትልቁ ድንጋይ ቀዳዳ እንደ ላባ የተዘረጋች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቀይ ነገር ወጥታለች። ትል ናት፤ ከድንጋዩ ጋር ከባሕር የመጣች።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ክብሪት ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው ላባዋ ጥልቅ አለች።

«ይኸው! አስገባሻት! ሙሽራ ናት፣ ጩኸት አትወድም። ቁጭ በይና ጠብቂ።»

ጠበቀች። ምን ታድርግ? ሙሽራዋ ወጣች። ባልየው በሩን ድርግም ሲያደርግ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ዞረው አፈጠጡበት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ በር ቀስ ተብሎ ይዘጋል፣ ወሬ በሹክሹክታ ነው። ክብሪት የምትናደደውን ያህል ትናደዳለች፤ ግን ሙሽራዋን ለማየት ስትል ጥርሷን ነክሳ ነው። ደንበኛ ሲያናድዳት እንኳ፣ ማታ ለአማቴ ቀስ ብዬ አወራዋለሁ ብላ መዋጥ ለመደች።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ደግሞ ደጋግሞ ለካት። «ጨርሶ አልተስተካከለም፣ ግን ጥሩ አድርጎ ወርዷል። ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። ሱቁም ይቆይ። ምን አደረጉ፣ ለነርሷ እንዳሉት ዓሣ ገዙ?»

«የምን ዓሣ! ትል ነው ያለኝ።»

ሐኪሙ የትል መድኃኒት ሊያዝላት ብዕሩን አነሣ። ማስረዳቱ ስለታከታት ትታው ወጣች።

ድሮ ቢሆን ከመንገዱ ማዶ ጀምራ እየጮኸች ነበር የምትገባው። ዛሬ በሩን ቀስ ብላ ከፈተች። አማቷ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አልዞሩም። ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ሥር ሹክ አለች።

«እማዬ፣ ወርዷል። ሱቄም አይዘጋም።»

ያ ሁሉ «ዝም በሉ፣ ቀስ በሉ» ተረሳና አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤቱ ወጣ፣ ባልየው ጋዜጣውን ጣለ፣ ሙሽራዋ ጥልቅ አለች።

«ይኸው፣ አስገቧት!» አለች ክብሪት እንባዋን እየጠረገች።

«ትግባ!» አሉ አማቷ። «ትወጣለች። ነይ፣ ቁጭ በይ።»